ከስምንተኛው እርምጃ ወዲያ

ሆዳም ጳጳሱን በላው።

የበላው በሚልኪያስ እጅ ነው። ሆዳም እጅ የለውም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ የሚኖር የቼዝ ፕሮግራም ነው። የሚፈልገውን እርምጃ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ሚልኪያስ ያነብና ጥቁሩን ጠጠር በእንጨቱ ሰሌዳ ላይ ያንቀሳቅስለታል፣ የአባቱንም እርምጃ ይጽፍለታል። እናም ሚልኪያስ የአባቱን ነጭ ጳጳስ በገዛ ጣቶቹ አንስቶ፣ ቀደም ብለው ከተበሉት ወታደሮች አጠገብ አስቀመጠው። በስክሪኑ ጥግ ያለው ቁጥር ከዜሮ ነጥብ አራት ወደ ሦስት ነጥብ አራት ዘለለ። ሆዳም በስንት ወታደር ያህል እንደሚበልጥ የሚናገረው በዚህ ቁጥር ነው። ሦስት ነጥብ አራት ማለት፣ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው፣ የለቅሶ ድንኳን ትከሉ እንደማለት ነው።

አቶ እንደሻው ስክሪኑን አያዩትም። ከሰሌዳው ማዶ መስኮቱን ተደግፈው፣ አገጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ቤቱ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል፣ ከጎረቤት ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ ጩኸት።

«አቦ መምህር፣ ያ ጳጳስ ምን በደለህ?» አለ ናስር።

ናስር አደባባዩ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ድሮ የአቶ እንደሻው የሂሳብ ተማሪ፣ አሁን የዘወትር ተጋጣሚያቸው ነው። መምህር ይላቸዋል፣ አንተም ይላቸዋል፤ የሐረር ሰው የሚወደው ቤት ሲገባ አንቱታን በር ላይ ከጫማው ጋር አውልቆ ነው። ዛሬ የመጣው ለምስክርነት ነበር። እሱ ቁጢ የሚለውን የቡና ቅጠል ሻይ በፔርሙስ ይዞ መጥቷል፤ ግን እስካሁን ክዳኑን የነካው የለም።

«ዝም በል ናስር» አሉ አቶ እንደሻው። «ምስክር አይናገርም።»

በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተናኘወርቅ ተቀምጣለች። የሚልኪያስ ታላቅ እህት ናት፤ አዳማ ሐኪም ናት። ቼዝ አትወድም፣ ስክሪኑንም ከተቀመጠችበት አታየውም። የምታየው ሰው ነው። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን የአባቷን ቡናማ ሻንጣ አንዴ፣ የወንድሟን ፊት አንዴ ታያለች። ሚልኪያስ ፊቱን መቆጣጠር የሚችል ሰው አልነበረም።

ውሉ እንዲህ ነው። አቶ እንደሻው ሆዳምን ካሸነፉ እዚሁ ቤታቸው ይኖራሉ፣ ማንም ስለ አዳማ ዳግም አያነሳም። ከተረቱ ግን ሻንጣውን ራሳቸው አውርደው፣ ነገ ጠዋት ከተናኘወርቅ ጋር መኪና ይሳፈራሉ። ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ተናኘወርቅ የተስማማችው ቼዝ የጤና ምርመራ ነው ብላ አይደለም። አባቷን እየጎተቱ ከቤት ማውጣት አልፈለገችም፤ እሳቸው ደግሞ ቃላቸውን በልተው አያውቁም። የማያሸንፉት ጨዋታ ከሆነ በክብር ይወጣሉ ብላ አሰበች። ክፋት አልነበረባትም፣ ፍርሃት እንጂ።

የሚያስፈራም ነገር ነበረ። ከገና በፊት ቡታጋዙን ከፍተው ክብሪቱን ሳይጭሩ ረሱት፤ ጎረቤታቸው ፋጡማ ሽታው ደርሷት በሩን ባትገፋ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ከዚያ ደግሞ ዳቦ ልግዛ ብለው ወጥተው ከሐረር ግንብ ውጭ፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ግርጌ ተገኙ። ያገኛቸው ናስር ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «አንድ አቀማመጥ እያሰብኩ ነበር» አሉት፣ እንደተያዘ ተማሪ መሬት መሬቱን እያዩ። ናስር አመናቸው። ተናኘወርቅ በስልክ ስትሰማ አላመነችም።

«አንተ ከእሳቸው ጋር ብትገባስ?» ብላ ወንድሟን ጠይቃው ነበር። ሚልኪያስ ከግንቡ ውጭ ባለ ኮሌጅ ኮምፒውተር ያስተምራል። ከፋሲካ በኋላ ሊዲያን ሊያገባ ነው፤ ቤት ተከራይተው፣ ሊዲያ መጋረጃ መርጣ ጨርሳለች። «እናየዋለን» አላት። እናየዋለን የምትባል ቃል ሰውን ስንት ወር እንደምታቆይ የሚያውቅ ያውቃል።

ሆዳምን የወለዱት አባትና ልጅ ናቸው። ሚልኪያስ ለመመረቂያው ብሎ ጀመረው፣ አቶ እንደሻው አሳደጉት። መጀመሪያ ያገኘውን ጠጠር ሁሉ ይበላ ስለነበር ስሙ ከዚያ ቀረለት። የሚያስበው አቶ እንደሻው ለተማሪ ሁሉ በሚያስተምሩት መንገድ ነው፦ ጠጠር ከመንካትህ በፊት ጣትህን እያጠፍክ ቁጠር። እኔ እንዲህ፣ እሱ እንዲያ፤ እኔ እንዲህ፣ እሱ እንዲያ። በአንድ እጁ ጣት ያቆመ ሰው ተበላ ማለት ነው ይሉ ነበር። ሆዳምም ይቆጥራል። ልዩነቱ መንገዱን ሁሉ መቁጠሩና፣ ቁጠር የተባለው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ከዚያ ወዲያ ገደል ይሁን ድግስ አያውቅም። ለእሱ የለም።

እና የአባትና ልጁ የስንት ዓመት ጨዋታ ይህች ጥያቄ ነበረች፦ ስንት ቢቆጥር ነው የማይሞኘው? ሚልኪያስ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ አቶ እንደሻው ወጥመድ ይሠሩለታል። ሁለት ሲቆጥር ሕፃን ያሸንፈው ነበር። አራት ላይ ብዙ ሰው ማሸነፍ ጀመረ፤ ግን ግንብህን ሰውተህ ንጉሡን ጎትተህ ካወጣኸው በኋላ፣ በፈረስ ንጉሡንና ንግሥቲቱን አንድ ላይ ብትመታው አያየውም። አቶ እንደሻው ይህንን «የአራት ወጥመድ» ብለው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አስተማሩት። ለስድስትም ወጥመድ አገኙለት። ስምንት ላይ ግን፣ አራት የራሱን አራት የባላጋራውን ሲያይ፣ ምንም አላገኙም። ስምንት ላይ አንድም ቀን አሸንፈውት አያውቁም።

አንድ አመል ግን አልለቀቀውም። መጥፎ ነገር ሲመጣበት ሲያይ አንድ ወታደር ይወረውርና ነገሩን ከቆጠራው ውጭ ይገፋዋል። ካላየው የተረፈ ይመስለዋል። «ብርድ ልብስ ውስጥ ገባ» ይሉታል አቶ እንደሻው።

አሁን ያ አዛውንት እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ሚልኪያስ ንግሥቲቱን ያነሳሉ ብሎ ጠበቀ፤ አንድ ነገር ማድረግ አለባቸው፣ ጳጳስ በነፃ ሰጥተዋል። አቶ እንደሻው ግን ንጉሣቸውን አንዲት ቤት ወደ ጥግ ገፋ አደረጉትና ተመልሰው አገጫቸውን ያዙ።

ሚልኪያስ ስክሪኑን አየ። ሆዳም ገና እየቆጠረ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሦስት ነጥብ አራት ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ስምንት ሲቆጥር የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ፋን እንደፈላ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ሚልኪያስን ጆሮው ውስጥ ገብቶ ወጋው።

ፈራ። እውነቱ ይህ ነው። አባቱ ጳጳስ በከንቱ ሰጥተው፣ ቀጥለው ምንም የማይሠራ እርምጃ ሲሄዱ አየና፣ ተናኘወርቅ ልክ ናት ማለት ነው ብሎ አሰበ። አእምሯቸው ከድቷቸዋል ማለት ነው። ነገ ጠዋት ይቺ ክፍል ባዶዋን ትቀራለች። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር፣ ሰሌዳው፣ የጠመኔ ብናኝ ያልለቀቀው ኮታቸው መጡበት። እናየዋለን ያለባቸው ወሮችም ተራ በተራ መጡበት።

ያኔ መብራት ሄደ።

የጎረቤቱ ድራማ እኩል ላይ ተቆረጠ። ሰፈሩ ሁሉ ዝም አለ። ገና ቀን ስለነበር ክፍሉ አልጨለመም፤ የላፕቶፑ ባትሪ ግን ካረጀ ቆይቷል።

«ብርሃኑን ልቀንሰው፣ ባትሪው እንዳይሞት» አለ ሚልኪያስ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ብርሃኑን ቀነሰ። ከዚያ ያው እጁ ሳይመለስ ሌላ መስኮት ከፈተ፤ ስምንት የሚለውን አጠፋና አራት ጻፈ። ሰው ትልቅ ነገር ሲያደርግ ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ዓይን እንደመክፈትና እንደመክደን ነበር።

ሆዳም ወዲያው መለሰ። ሚልኪያስ ፈጣን መልስ እንደሚያጋልጠው ያውቃል፤ ስለዚህ የመጣውን እርምጃ እያየ ያልመጣ መስሎ ተቀመጠ። ግንባሩን አሻሸ። ባትሪውን ተመለከተ። ሲበቃው ጥቁሩን ግንብ አንስቶ ወደ መሃል አወጣው፣ ነጯን ንግሥት የሚያባርር እርምጃ። አራት ለሚያይ ግሩም እርምጃ ነው።

ናስር መጀመሪያ አላየውም። ከዚያ አየው። ፊቱ ተለወጠ፣ አፉን በመዳፉ ያዘ። የአራት ወጥመድ ሰሌዳው ላይ እንደተዘረጋ ማዕድ ተቀምጧል። ነጭ ግንቡን ይሰዋል፣ ጥቁር ንጉሥ ሳይወድ ወጥቶ ይበላዋል፣ ፈረሱ ይዘላል፣ ጥቁሯ ንግሥት ሄደች። ሐረር ውስጥ አቶ እንደሻው ያስተማሩት ልጅ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራት ናት።

አቶ እንደሻው ሰሌዳውን አዩ። ቀና አሉና ላፕቶፑን አዩ፣ ጀርባውን ብቻ ስለሆነ የሚታያቸው። ከዚያ ልጃቸውን አዩት። ሚልኪያስ ዓይኑን ሰበረ። ሲያቀና አባቱ ጉልበታቸው ላይ ጣታቸውን እያጠፉ ሲቆጥሩ አየ፤ አንድ እጅ ጨረሱ፣ ወደ ሁለተኛው ሳያልፉ አቆሙ።

ንጉሣቸውን አንስተው ሰሌዳው ላይ አስተኙት።

«ተረታሁ» አሉ። «ተናኘ፣ ወንበር አቀብይኝ። ሻንጣዬን ላውርድ።»

«ምን ነካህ መምህር» አለ ናስር፤ ምስክርነቱን ረሳው። «ወላሂ ማሸነፊያው ፊትህ ነው። ግንብህን ሰዋ፣ በፈረስ ምታ። ያቺው ናት፣ የአራት ወጥመድ። ልጅ ሆኜ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

«ምስክር አይናገርም አልኩህ።»

ተናኘወርቅ ተነሳች። ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበራትም። ወደ ሰሌዳው ቀርባ የማታውቀውን ጠጠር ሁሉ አየች፣ ከዚያ ናስርን። «እውነት ቀላል ነው?»

«የአደባባዩ ልጅ ሁሉ ያውቃታል።»

«ራሳቸው ያስተማሩትን» አለች ቀስ ብላ። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሚልኪ፣ አየህ? አላዩትም። እኔ ክፉ ሆኜ መስሎህ ነበር። አላዩትም እኮ።»

አቶ እንደሻው ወንበሩን ራሳቸው ይዘው ወደ ቁም ሳጥኑ ይጎትቱ ጀመር። የወንበሩ እግር ወለሉን ፋቀ።

ሚልኪያስ አባቱ ወጥመዱን እንዳዩት ያውቃል። ሲቆጥሩ አይቷቸዋል። ዝም ቢል ግን ማንም አያውቅበትም፤ ተናኘወርቅ አባቷ የገዛ ወጥመዳቸውን ማየት አቅቷቸዋል ብላ እስከ መጨረሻው ታምናለች፣ እሳቸውም አያስተባብሉም። አቶ እንደሻው አንድ እግራቸውን ወንበሩ ላይ አወጡ።

«ቀንሼው ነው» አለ ሚልኪያስ።

«ምኑን?» አለች እህቱ።

«ሆዳምን። መብራት ሲሄድ ከስምንት ወደ አራት አወረድኩት። እንዲያሸንፉ ብዬ።» ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ግንቡን ያወጣው ለዚያ ነው። አባባ አይተውታል። ሲቆጥሩ አይቻቸዋለሁ።»

ተናኘወርቅ ከወንድሟ ፊቷን መልሳ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ያውቁ ነበር?»

አቶ እንደሻው አንድ እግራቸው ወንበር ላይ፣ አንድ እጃቸው ቁም ሳጥኑ ላይ እንዳለ ቆሙ። «ያ ማንቆርቆሪያ ላፕቶፕ ማፏጨቱን ሲያቆም ጠረጠርኩ» አሉ። «መብራት ሲሄድ ሁሉ ነገር ዝም ይላል፤ እሱ ግን በባትሪ ነው፣ ዝም ማለት አልነበረበትም። ግንቡን ሲያወጣ አወቅሁ። ስምንት የሚያይ ያንን ግንብ አያወጣም። ስድስት የሚያይም አያወጣም። አራት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልወሰዱትም? አሸንፈው ነበር።»

«የተባባልነው በስምንት ነው።» እግራቸውን አወረዱ። «ደግሞ ወንድምሽን በሰው ፊት አታላይ ከማደርገው ሻንጣ ማውረድ ይቀላል። ራሱ ተናገረ እንጂ እኔ ልናገር አልነበረም።»

ተናኘወርቅ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ አባቷ ሊቆሙበት በነበረው። ሐኪም ናት፤ ስንት አዛውንት ፊቷ ተቀምጠው ዛሬ ቀኑ ማን ነው፣ ከመቶ ሰባት ቀንስ ስትላቸው ኖራለች። ከአንድ ፉጨት ተነስቶ የልጁን ተንኮል፣ የተንኮሉን ልክ፣ ቀጥሎም የልጁን ውርደት የቆጠረ ሰው ግን አላየችም። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«መልሰው» አሉ አቶ እንደሻው ለሚልኪያስ። «ስምንት አድርገው። ንጉሤን ከገፋሁበት እንጀምር።»

«አባባ፣ ይቅርብዎ» አለ ሚልኪያስ። «እዚያ ላይ እኮ ተሸንፈው ነበር። ሦስት ነጥብ አራት ነበር።»

«ማን አለ?»

«ሆዳም።»

«ሆዳም ስንት ያያል?»

ሚልኪያስ ግንቡን ወደ ቦታው መለሰ፣ የተኛውን ንጉሥ አነሳ፣ አራቱን አጥፍቶ ስምንት ጻፈ። ፋኑ ማፏጨት ጀመረ። የባትሪው ምልክት ቀልቷል፤ አራቱም ሰዎች ፉጨቱን እያዳመጡ ተቀመጡ፣ በመሃል እንዳይቆረጥ እየሰጉ።

«ዳር ያለችውን ወታደር በንግሥቱ ይበላታል» አሉ አቶ እንደሻው።

በላት። ቁጥሩ አራት ነጥብ አንድ ሆነ። ሚልኪያስ ጠጠሩን ሲያንቀሳቅስ እጁ ላበው። አቶ እንደሻው አንዲት ወታደር አንድ ቤት ገፉ፣ ለማንም ምንም የማትመስል ወታደር። እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ሚልኪያስ መንቀጥቀጡ የእድሜ እንጂ የጨዋታው እንዳልሆነ ያኔ ገባው። ጥቁሯ ንግሥት ሰሌዳው ዳር ላይ ቀረች፤ በገባችበት በኩል በሩ ተዘግቷል። ንጉሧ ወዲያ ማዶ ብቻውን ነው።

ፋኑ አፏጨ። ቁጥሩ ሦስት ነጥብ ስምንት። ከዚያ አንድ ነጥብ ሁለት።

«አሁን አየው» አሉ ሽማግሌው። «ብርድ ልብስ ውስጥ ሊገባ ነው። ወታደር ይወረውርልሃል።»

ሆዳም ወታደር ወረወረ። ቀጥሎ ሌላ ወረወረ። ከዚያ ፈረሱን ያለ ምንም ምክንያት ሰጠ። ቁጥሩ በየጊዜው ለአፍታ ቀና ይልና መልሶ ይወርዳል፤ ዜሮን አልፎ ከታች መግባት ጀመረ። ናስር ከተቀመጠበት ፍራሽ ተንሸራቶ ሰሌዳው አጠገብ ተንበርክኳል። ሚልኪያስ ቁጥሩን ማየት ተወ። ሰሌዳውን አየ፣ ምናልባትም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ጳጳሱ የሞተበት ቤት፣ ንጉሡ የተገፋበት ጥግ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። አባቱ ሐኪም ጋራ ግርጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያስቡት የነበረው አቀማመጥ ይሄ ይሆን ብሎ አሰበ። መጠየቅ አፈረ።

ነጩ ፈረስ ዘለለና ጥቁሩ ንጉሥ መውጫ አጣ። ላፕቶፑም የመጨረሻው እርምጃ እንደተጻፈበት ሞተ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ናስር፤ የፔርሙሱን ክዳን ከፈተ።

ናስር ቁጢውን በየስኒው ቀድቶ አደላቸው። ሚልኪያስ ስኒውን ይዞ አባቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«እኔን ሳይሆን ቁጥሩን አመንክ» አሉት አቶ እንደሻው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። «እዚያ ላይ እኔ እያሸነፍኩ ነበር። አንድ ጊዜ ፊቴን ብታይ በቃ ነበር።»

«አሸንፈዋል፣ እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው» አለች ተናኘወርቅ። «አዳማ አላነሳም። ግን አባባ፣ ቡታጋዙ?»

ናስር ሊከላከል አፉን ሲከፍት አቶ እንደሻው በእጃቸው አቆሙት። «ቡታጋዙ እውነት ነው» አሉ። «የሐኪም ጋራውም ግማሹ እውነት ነው። እያሰብኩ ነው የሄድኩት። ለመመለስ ስነሳ ግን በየት እንደመጣሁ ጠፋኝ። ለዚህ ነው የተቀመጥኩት።» ይህንን ለማንም ተናግረው አያውቁም። የናስር ስኒ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ተናኘወርቅ አጎንብሳ የአባቷን እጅ ያዘች። ሻንጣውን ማንም አላየውም።

«እኔ እመጣለሁ» አለ ሚልኪያስ። ቃሉ ሳያስበው ወጣ። «እዚህ እገባለሁ። አብረን እንኖራለን።»

አቶ እንደሻው ዞረው አዩት፤ ድሮ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መልሱን ብቻ ጽፎ መንገዱን ያልጻፈ ተማሪ እንደሚያዩት።

«ስንት እርምጃ ቆጥረህ ነው?»

ሚልኪያስ «እናየ...» ሊል ጀምሮ ቃሉን ዋጠ። ስኒውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። እኔ እገባለሁ። ሊዲያ ትቆጣለች፣ የመጋረጃውንም ነገር ታነሳለች። እኔ እውነቱን እነግራታለሁ፣ እናየዋለን ሳልል። እሷ ወይ ትመጣለች ወይ ጊዜ ትጠይቃለች። እኔ ጠዋት ስወጣ ቡታጋዙን እዘጋለሁ። አንዱ እጅ አለቀ። ቀኝ እጁን ዘረጋ። እሳቸው ዳቦ ልግዛ ብለው ይወጣሉ።

እዚያ ላይ ቆም አለ፣ አሰበበት፣ ቀጠለ። አቶ እንደሻው ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥናቸው እየመለሱ ጠበቁት። አላጣደፉትም።